እናቴ በቀዩ ገደል ደጃፍ

ልጅ ሳለሁ እናቴ ገደል ላይ በተጠረበ ቤት ውስጥ የምትኖር ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ከአንድ ፎቶ ላይ ራሴው የደረስኩበት ነው።

እናቴ ለሥራ ወደ ጆርዳን የሄደችው እኔ ገና ነፍስ ሳላውቅ ነው። አባቴ ቀድሞ ሞቶ ስለነበር አዲስ አበባ ገርጂ ከምትኖረው ታላቅ እህቷ ዘንድ ትታኝ ሄደች። አክስቴ ልጅ አልወለደችም፤ እንደ ልጇ አድርጋ አሳደገችኝ። እትዬ እያልኩ ነው የምጠራት። ቤታችን ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ጎረቤቶች በጋራ ግቢ የምንኖርበት፣ ክረምት ሲመጣ የቆርቆሮው ጩኸት ሬዲዮ የማያሰማበት ቤት ነበር። እናቴ ከሄደች በኋላ ለብዙ ጊዜ ድምፅዋ ጠፋ። ከዚያ አንድ ቀን፣ እሷ ባለችበት ከተማ የምትሠራ አንዲት ሴት ለእረፍት መጣችና ብርድ ልብስ፣ ሻምፑና ለእኔ ስራመድ መብራት የሚያበራ ጫማ አመጣችልን። ፎቶው እንዳይታጠፍ ተብሎ ብርድ ልብሱ መሃል ነበር የተቀመጠው።

ፎቶው ላይ እናቴ በጣም ትንሽ ናት። ረጅም ግራጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻርፗን ጠምጥማ፣ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ ቆማለች። ከኋላዋ ያለው ገደል ከፎቶው ጫፍ ያልፋል፤ ጫፉ አይታይም። ቀለሙ ሮዝም አይደል ቀይም አይደል፣ ፀሐይ ያረፈበት ጡብ ይመስላል። ያ ገደል ላይ ቤት አለ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የተሠራ ሳይሆን ከገደሉ ከራሱ ተጠርቦ የወጣ ቤት። ከታች ግዙፍ ዓምዶች ተደርድረዋል፤ ከዓምዶቹ በላይ ሌላ ፎቅ አለ፤ እዚያ መሃል ላይ ጎጆ የምትመስል ክብ ክፍል አለች፤ አናቷ ላይ ትልቅ የድንጋይ ማሰሮ ተቀምጧል። ከታች፣ ከእናቴ ጀርባ፣ ጥቁር በር ተከፍቷል።

እትዬ ፎቶውን በመስታወት አስገብታ ቡፌው ላይ፣ ዳንቴሉ መሃል አቆመችው። እንግዳ ሲመጣ «እህቴ ናት፣ ጆርዳን» ትላለች። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ ፊቱ ቆሜ ቤቱን እከፋፍለው ነበር። ወጥ ቤቱ ከበሩ በስተቀኝ። እናቴ የምትተኛው ከግራው ዓምድ ጀርባ። እኔ ስሄድ የምተኛባት ከላይ ያለችው ክብ ክፍል ናት፤ ደረጃዋ የት እንዳለ ግን ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁትም።

ፎቶው ከመጣ ወዲህ እናቴ በየአርቡ መደወል ጀመረች። እትዬ ከጁምዓ ሶላት መልስ ስልኩ አጠገብ ወንበር ስባ ትቀመጣለች፤ እኔ እግሯ ሥር። ሲጠራ ሁለታችንም እንደነግጣለን።

«እማ፣ ቤቱ ትልቅ ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

«በጣም ትልቅ ነው የኔ ልጅ። ደረጃው ነው የሚገድለኝ። አጥቤው ዞር ሳልል ነፋሱ አሸዋውን መልሶ ይደፋበታል።»

«ይበርዳል?»

«ክረምቱ ይበርዳል። ድንጋይ አይደል ቤቱ?»

ከዚህ ወዲያ ምን ያጠራጥረኛል? ያ ሁሉ ድንጋይ ሥር እናቴ ባልዲ ይዛ ጎንበስ ስትል ታየኝ። ትልቅ ስሆን ሄጄ አብሬያት እንደማጥብ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው።

አንደኛ ደረጃ እያለሁ የኅብረተሰብ አስተማሪያችን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ሥዕል ይዞ መጣ። የዓለም ጥንታዊ ቅርሶች ተደርድረውበታል። ከመሃላቸው የእናቴን ቤት አየሁት። አስተማሪው በእንጨት እየጠቆመ ስሙ ፔትራ እንደሚባል፣ በረሃ ውስጥ እንደሚገኝ፣ የጥንት ሰዎች የአሸዋ ድንጋዩን ገደል ከላይ ወደ ታች እየጠረቡ እንዳወጡት፣ እንደኛው ላሊበላ በመሮና በመዶሻ የተሠራ መሆኑን ነገረን። እጄን አወጣሁ።

«እናቴ እዚያ ነው የምትኖረው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው አልሳቀም። «እዚያ አገር ነው ማለትሽ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «እዚህ ውስጥ ሰው አይኖርም። ይሄ የንጉሥ መቃብር ነው ይባላል።»

የቀረውን አልሰማሁም። ያቺ ጥቁር በር የመቃብር በር ነበረች፤ እናቴ ደግሞ ደጃፏ ላይ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ቤት ስገባ ፎቶውን ከቡፌው ላይ አንስቼ ፍራሼ ሥር ደበቅኩት። በማግስቱ አርብ ነበር። እትዬ ወንበሯን ሳበች፣ እኔ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ስልኩ አልጠራም። አሱር ደረሰ፣ መግሪብ ደረሰ፣ አልጠራም። እትዬ «ሥራ በዝቶባት ነው» ብላ ስትነሳ ቀሚሷን ይዤ ጮህኩ።

«እትዬ፣ እማ ሞታለች አይደል? ንገሪኝ!»

«አዑዙ ቢላህ! ማነው እንዲህ ያለሽ?»

ፎቶውን ከፍራሽ ሥር አውጥቼ ሰጠኋት። አስተማሪው ያለውን እያለቀስኩ ነገርኳት። እትዬ መሬት ቁጭ አለችና ጭኗ ላይ አስተኛችኝ። እናቴ የምትኖረው አማን በሚባል ከተማ፣ ሰዎች ቤት እንደሆነ፣ ልጃቸውን እንደምታሳድግ፣ ቤታቸውን እንደምታጸዳ፣ ወደዚያ ገደል የሄደችው ለአንድ ቀን ብቻ እንደሆነ ያኔ ነው የሰማሁት።

«ለምን ዝም አልሽኝ ታዲያ?»

«ፊቱ ቆመሽ እንደዚያ ደስ ሲልሽ እያየሁ እንዴት ብዬ ላፍርሰው?» አለችኝ።

በሚቀጥለው አርብ ስልኩ ጠራ። ባለፈው አርብ ያልደወለችው ሰዎቹ ከከተማ ወጥተው ይዘዋት ስለሄዱ ነው። እናቴ «ሄሎ፣ የኔ ልጅ» ስትል ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ትንፋሿን ሰማሁ። እናቴ በሕይወት በመኖሯ ደስ ብሎኛል፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የት እንደማስቀምጣት አላውቅም። ቀድሞ በሯንም ዓምዷንም አውቀው ነበር። አሁን አማን የሚባል አይቼው የማላውቅ ከተማ ውስጥ፣ በር የሌለው ቤት ውስጥ ጠፋችብኝ። የበለጠ የናፈቀችኝ ያኔ ነው።

እናቴ ጠቅልላ የመጣችው ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደን ከሚጠብቀው ሰው ጋር ተጋፍተን ቆምን። ጋሪ እየገፋች ስትወጣ እትዬ እልል ብላ ሮጣ አቀፈቻት። ፎቶው ላይ የማውቃት ቀጭን ሴት አልነበረችም፤ ወፍራለች፣ መነጽር አድርጋለች፣ ሽቶዋ የማላውቀው ነው። ወደ እኔ ዞራ እጆቿን ዘረጋች። ከአፌ የወጣው ቃል ይሄ ነበር።

«እንኳን ደህና መጡ።»

እትዬን አንቺ እያልኩ ያደግኩ ልጅ ነኝ። እናቴ አቀፈችኝ፣ ሳመችኝ። ታክሲ ውስጥ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ስለ አዳዲሶቹ ሕንፃዎች እትዬን ስትጠይቅ ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር።

እትዬ ቤት ስንደርስ ጓዳ ወስዳ ቆነጠጠችኝ። «እናትሽ እኮ ናት፣ ቀበሌ ጉዳይ ልታስፈጽሚ የሄድሽባት ሴትዮ መሰለችሽ እንዴ?» ሞከርኩ። ለብቻዬ መስታወት ፊት «አንቺ» እያልኩ ተለማመድኩ። ፊቷ ስቀርብ «እርስዎ» ብሎ ይወጣል። እትዬ ጊዜ እየሄደ ሲሄድ መቆጣቱን ተወችው። እናቴም ለመደችው፤ ወይም የለመደች መሰለች።

ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ትንሽ ቁርስ ቤት ከፈተች። ፉሉን እዚያ እንደተማረችው በከሙንና በሎሚ ትሠራዋለች፤ ፈላፍሉን ጠዋት ጠዋት ስትጠብሰው ሠራተኛው ሁሉ ወደ ቢሮው ከመግባቱ በፊት ይሰለፍላታል። ከደንበኞቿ ጋር ትስቃለች፣ ትቀልዳለች። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ሰሃን አጥባለሁ። ከእኔ ጋር ስትሆን ግን ቃል እንደሚመርጥ ሰው ትሆናለች። ፎቶውን እትዬ ሰጥታት ከቁርስ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ደንበኛ «ይሄ የት ነው?» ሲላት «ጆርዳን» ብላ ታልፈዋለች።

አንድ የነሐሴ ከሰዓት ዝናቡ መንገዱን ወንዝ አደረገው። መብራት ጠፋ፣ ደንበኛም የለም። ሁለታችን በር ላይ ወንበር አውጥተን ውሃው ሲወርድ እናያለን። ለምን እንደጠየቅኳት አላውቅም።

«እዚያ ገደል ጋ የሄዱ ቀን ደስ ብሎዎት ነበር?»

መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ እንዲህ ብላ ነገረችኝ።

«ሰዎቹ ለሽርሽር ነበር የሄዱት። ልጅቷን የምይዝ እኔ ስለሆንኩ ይዘውኝ ሄዱ። ከአንቺ ትንሽ ታንሳለች። መኪናው ከቆመ በኋላ በእግር ነው። ሁለት ገደል ተጠጋግቶ ጠባብ መንገድ ሠርቷል፤ ቀና ስትይ ሰማዩ እንደ ክር ቀጥኖ ነው የሚታይሽ። ልጅቷ ደከመኝ አለች፣ አዘልኳት። መንገዱ አያልቅም። እግሬን እያየሁ ነው የምሄደው። ድንገት ቀና ስል ገደሉ ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ መሃል ያ ነገር ቆሟል። ፀሐይ አርፎበታል። ልጅቷን ከጀርባዬ አወረድኳትና ዝም ብዬ ቆምኩ።

«ሰው ሁሉ ይጮኻል፤ ገደሉ ድምፁን ይመልስለታል። ልጅቷም ስሟን ጠርታ ገደሉ ሲመልስላት በሳቅ ሞተች። አንቺም ጩሂ አለችኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ያንቺ ስም ነው። ገደሉ ስምሽን መልሶ ጠራው። ከሄድኩ ጀምሮ ስምሽን ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም ነበር። ደላላው ልጅ አለኝ እንዳትይ፣ ልጅ ያላትን አይቀጥሩም ብሎኝ፣ ልጅ የለኝም ብዬ ነው የገባሁት።

«ማዳሟ፣ የልጅቷ እናት፣ ዞር አለች። ‹ማንን ነው የጠራሽው?› አለችኝ። መዋሸት አቃተኝ። ‹ልጄን ነው› አልኳት። በቃ አበቃልኝ አልኩ፤ ነገ ትመልሰኛለች። እኔን አየችኝ፣ የራሷን ልጅ አየች። ከዚያ ካሜራዋን አወጣች። ‹ሂጂ እዚያ ቁሚ፣ ልጅሽ ትይሽ› አለችኝ። ያ ፎቶ ያኔ ነው የተነሳው። ቤት ስንመለስ በየአርቡ እንድደውል ስልኩን ሰጠችኝ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ያልኩትን ያወቅኩት ፊቷን ሳይ ነው። ተነስታ ገባችና ንጹሑን ጠረጴዛ በጨርቅ ትወለውለው ጀመር። ከዚያ ቀን ወዲህ እርስዎ ብያት አላውቅም።

መናገር ከጀመረች ወዲህ ግን ስለዚያች ልጅ ማውራት አበዛች። የእናቴ ክንድ ላይ ካልሆነ እንደማትተኛ፣ ወተት እንደማትወድ፣ ነጎድጓድ ሲሆን የእናቴ አልጋ ውስጥ እንደምትገባ። «ትናፍቀኛለች» አለችኝ አንድ ጠዋት ሽንኩርት እየከተፈች፣ እኔን ሳታየኝ። እኔ እሷን ስናፍቅ በነበረበት ዓመት ሁሉ ክንዷ ላይ የተኛች ሌላ ልጅ ነበረች። አወቅኩት እንጂ አልተቀየምኩም ብል ውሸት ይሆናል። አሁን ደግሞ ያቺ ልጅ እኔ በነበርኩበት ቦታ ቆማ እናቴን እየናፈቀች እንደሆነ ማሰብ አልፈለግኩም።

ትምህርቴን ጨርሼ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ውስጥ ሥራ ያዝኩ። ግቢያችን ለሕንፃ ፈርሶ ሦስታችንም ገርጂ ኮንዶሚኒየም ገባን። እናቴ ጉልበቷን አመማት፤ ቁርስ ቤቱን ለሌላ ሰው ለቀቀች። አምና ነው፣ አንድ ቀን ስልኳን ይዛ ወደ እኔ ክፍል መጣች።

«ልጅቷ ናት» አለችኝ። «አግኝታኛለች። በአዲስ አበባ በኩል ወደ ሌላ አገር ለሥራ ልታልፍ ነው። ቅዳሜ እዚህ ትውላለች።»

ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ ተገኘን። ረጅም፣ ጥቁር ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ወጣት ሴት ቦርሳዋን ጥላ እየሮጠች መጣች።

«ነይ! ነይ! ነይ እናቴ!» እያለች በአማርኛ።

ቆሜ ቀረሁ። አማርኛ እንደምትችል እናቴ ነግራኝ አታውቅም። የቻለችውም እናቴ ለእሷ ያወራችላትን ብቻ ነው፤ ለትንሽ ሴት ልጅ የሚባለውን። ታክሲ ውስጥ ስንገባ ፂሙ ደረቱ የደረሰውን ሹፌር ትከሻውን መታ መታ አድርጋ «ቀስ በይ እሺ? እንዳትወድቂ» አለችው። ሹፌሩ በመስታወት አያትና «እሺ እናቴ፣ ቀስ እላለሁ» አለ። እስከ ገርጂ እየሳቀ ነው የሄደው። ቤት ስንገባ እትዬን ጉንጭዋን ይዛ «አንቺ ቆንጆ! እጅሽን ታጥበሻል?» አለቻት። በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ያላት ሰው የለምና እትዬ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

እኔም ሳቅኩ። ግን በየቃሉ መሃል የሆነ ነገር ይወጋኛል። አነጋገሯ የእናቴ ነው። «ነይ» ስትል መጨረሻዋን ጎተት የምታደርጋት፣ «እሺ» ብላ የምታቆላምጠው፣ እናቴ በወጣትነቷ ለሕፃን ልጅ የምታወራው ድምፅ ነው። እኔ ያልሰማሁት ድምፅ። በሌላ ሰው አፍ ውስጥ ሳይነካ ተቀምጦ መጣልኝ።

ምሳ ላይ ልጅቷ ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ ክንዴን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«አንቺ እውነት ነሽ?» አለችኝ።

አልገባኝም። በዓረብኛ ለእናቴ ማስረዳት ጀመረች፤ እናቴ ጎንበስ ብላ ትሰማለች፣ አትተረጉምም። እትዬ «ምን አለች?» ብትላት ነው የተናገረችው። እናቴ ልጅቷን ስታስተኛት በየቀኑ ተረት ትነግራት ነበር። ተረቱ የሚጀምረው «ገርጂ የምትባል አገር አንዲት ልጅ ነበረች» ተብሎ ነው። ልጅቷ ስትራመድ የሚያበራ ጫማ አላት። ቆርቆሮ ላይ የሚጮህ ዝናብ አትፈራም። ትምህርት ቤት አንደኛ ትወጣለች። እናቴ አርብ አርብ ከእትዬ የሰማችውን ሁሉ ለዚያች ሕፃን ታደርስላታለች። ልጅቷም እኔን የተረት ሰው አድርጋ አደገች፤ ገርጂንም የተረት አገር።

«ዶሮሽስ?» አለችኝ ልጅቷ ዓይኖቿ እያበሩ። «ቀይዋ? አልጋ ላይ የምትተኛው?»

ዶሮ ኖሮኝ አያውቅም። እናቴን አየኋት። ሰሃኗን ታያለች።

«አርጅታ ሞተች» አልኩ።

«ወይኔ!» አለች ልጅቷ፣ ከልቧ አዝና።

ስንሸኛት ከመሄዷ በፊት ለብዙ ዓመት ሰው ለመጠየቅ ያፈርኩበትን ነገር ጠየቅኳት፤ ያቺ ጥቁር በር ውስጥ ምን እንዳለ። ካደገች በኋላ ብዙ ጊዜ ሄዳበታለች። ሰዎች ከላይ ያለው የድንጋይ ማሰሮ ወርቅ የተሞላ መስሏቸው ድሮ በጥይት ይመቱት እንደነበር፣ ማሰሮው ግን ውስጡ ድፍን ድንጋይ መሆኑን ነገረችኝ፤ እናቴ ተረጎመችልኝ። በሩስ? ልጅቷ አማርኛ ፈለገች፣ እጆቿን ዘረጋች። «ምንም» አለች። «ክፍል። ማንም የለም።» ከዚያ ሁለታችንንም አቅፋ፣ «ኑ» ማለት ስለማትችል፣ አንድ ጊዜ ለእናቴ፣ አንድ ጊዜ ለእኔ «ነይ፣ እሺ? ነይ፣ እሺ?» እያለች ገባች።

ስንመለስ እናቴ ክንዴን ይዛለች። ገርጂ ሳንደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲው ቆመ።

«እትዬ የነገረችኝ ሲያልቅብኝ ነው» አለች ሳልጠይቃት። «አርብ ሳይደርስ ወሬ ያልቅብኛል። ልጅቷ ደግሞ ጨምሪ ትላለች። እኔም መጨመር እፈልግ ነበር።»

«ከዶሮዋ ሌላ ምን ጨመርሽ?»

አፈረች። ከዚያ ቀስ በቀስ ነገረችኝ። ግቢያችን ውስጥ የሸክላ ቀለም ባለው አፈር ጉድጓድ እንደቆፈርኩ፣ ከጎረቤት ሕፃናት ጋር ሠርግ እንደደገስኩ፣ ታምሜ በማር እንደዳንኩ። ታምሜ ነበር፤ ማር የሰጠኝ ግን የለም። አንዱንም አላረምኳትም። ትራፊኩ ቢከፈት ደስ አይለኝም ነበር።

ቢሮ ውስጥ ወደ አማን የሚሄዱ ወጣት ሴቶች አልፎ አልፎ ፊቴ ይቀመጣሉ። ትኬታቸውን ስሰጣቸው ብዙ የምላቸው ነገር ይመጣልኛል፤ ሻንጣ ስንት ኪሎ እንደሚፈቀድ ነግሬ እሸኛቸዋለሁ። ከእናቴ ጋር ለመሄድ ተነጋግረናል። ፓስፖርቷን አሳድሳለች። ጉልበቷ ያን ጠባብ መንገድ ያስኬዳት እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ሐኪሙም እርግጠኛ አይደለም። እሷ «አንቺ ሂጂ፣ እኔ አይቼዋለሁ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ብቻዬን መሄድ አልፈልግም። እዚያ ገደል ፊት ብቆም የሚጠብቀኝ ባዶ ክፍል እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም እንድታዝለኝ ሳይሆን እንዳዝላት፣ ልጅቷ ከጀርባዋ በወረደችበት ቦታ አብሬያት እንድቆም እመኛለሁ። ትናንት ማታ እግሯን በቅባት እያሸሁላት «ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ» አልኳት። «ኢንሻአላህ» አለች፣ ሌላኛውን ጉልበቷን እየዘረጋችልኝ።